ስማችንን በግንባራችን ላይ ለጻፉልን ሊቀመንበር

ለክቡር የእንግዶች ተቀባይና ደኅንነት ጠባቂ ማኅበር ሊቀመንበር፣
በከፍታው ወንበርዎ ላይ እንዳሉ።

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ዕድሜዬና የወገቤ ሕመም እስከፈቀዱልኝ ድረስ ዝቅ ብዬ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ጤናዎ እንደምን ነው? ስንቱን እንግዳ በምክር ያጠገበው ጉሮሮዎ ደኅና ነው? ለዓመታት ሳይነሡ የተቀመጡበት ወንበርስ ጉልበቱ ጸንቶለታል? ከሁሉም በላይ ግን ዓይኖችዎ ደኅና ይሆኑ ዘንድ ሌት ተቀን እንደምመኝልዎ ይወቁልኝ፤ ዓይን ምን ያህል ውድ ዕቃ እንደሆነ በቅርቡ በቤታችን ስለተማርን፣ ከዚህ ያነሰ ምኞት ለጠላትም አይገባም።

ማን እንደምሆን ባያስታውሱ አልቀየምም፤ ከከፍታ የሚያይ ሰው የሚታየው አናት እንጂ ፊት አይደለምና። ዕድሜዬን የጥንት ሰዋስው ሳስተምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሽማግሌ ስሆን፣ ከታላቅ እኅቴ ጋር እርስዎ ወደሚኖሩባት ወደዚህች ታላቅ የባዕድ ከተማ የመጣሁት ለሽርሽር አልነበረም። የእኅቴ አንድ ዓይን ከጠፋ ቆይቷል፤ በቀረው ላይም መጋረጃ እየወረደበት ስለነበር፣ በዚህች ከተማ የሚሠራ አንድ የዓይን ሐኪም ኦፕራሲዮን ሊያደርግላት ቀን ቆርጦላት ነበር። ያ ቀን ካለፈ መጋረጃው ዳግመኛ እንደማይነሣ የአገራችን ሐኪሞች በወረቀት ጽፈው ሰጥተውን፣ በቃልም ደጋግመው አስጠንቅቀውን ነበር። እንግዲህ ለእኛ ነገሩ ሁሉ አንዲት ዓይን ነበረች፤ ሌላው ሁሉ ጓዝ ነበር።

ማረፊያ የሚያዘጋጅልን ማኅበርዎ ስለሆነ፣ እንደማንኛውም የአገራችን መንገደኛ እኛም በመጣን በማግስቱ በአዳራሽዎ ተሰብስበን ከከተማዪቱ አታላዮች እንዴት መጠንቀቅ እንደሚገባን ትምህርትዎን ሰማን። ይህን ትምህርት ሳላመሰግን ባልፍ ውለታ በላ እሆናለሁ። «በነጻ ነው» እያለ እጃችን ላይ አምባር የሚያስረውን እንዳናስጠጋ፣ «ፎቶ ላንሣችሁ» ለሚል አላፊ አግዳሚ ስልካችንን እንዳንሰጥ፣ ቆጣሪ የሌለው ታክሲ ውስጥ እንዳንገባ፣ አንዱ ትከሻችን ላይ አንዳች ነገር አፍስሶ «ይቅርታ ልጥረግልዎ» ሲል ከጠራጊው ይልቅ ከኋላችን የቆመውን እንድናይ፣ መንገድ መሀል ካርታ ዘርግተን እንዳንገተር፣ ቦርሳችንንም ከጀርባ ሳይሆን ከደረት ላይ እንድናስር መከሩን። ይህ ሁሉ እውነት ነው። የሚያሳዝነውም እውነት መሆኑ ነው፤ በተለቀመ ምስር ውስጥ የቀረች ጠጠር ጥርስ ሳትሰብር አትገኝምና። ጠጠሮቹን እንደሚከተለው ለቅሜ አቀርብልዎታለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ኮፍያው። ለደኅንነታችን ብለው በየራሳችን ላይ የደፉልን ኮፍያ ቀለሙ ጫጩት የሚያሳፍር ቢጫ ሲሆን፣ «ከሩቅ እንድትታዩ ነው» ብለውን ነበር፤ በእውነትም ከሩቅ ታየን። በግንባሩ ላይ በከተማዪቱ ቋንቋና ፊደል «እንግዳ ነኝ፤ ይርዱኝ» የሚል ጽሑፍ ነበረበት፤ ከሥሩም በአገራችን ፊደል የእያንዳንዳችን ስም ጎላ ብሎ ተጽፎ ነበር። በጎቹን ከጅብ ለማዳን በየአንገታቸው ቃጭል የሚያስር እረኛ ተረት ውስጥ እንኳ አላጋጠመኝም፤ እርስዎ ግን ከተረት አልፈው ተገኙ። ከአዳራሽዎ ደጃፍ ሳንርቅ የአምባሩ ሰው ረዳን፤ የፎቶው ሰው ረዳን፤ ቆጣሪው በደንብ የሚሠራለት ባለታክሲ ደግሞ አንዲቱን የአደባባይ ፏፏቴ ከየአቅጣጫው እያዞረ ባስጎበኘን ጊዜ፣ ብርሃኗ የደከመባት እኅቴ «እዚህ አገርስ ፏፏቴ እንዴት በዛ! ሰዉስ እንዴት ደግ ነው!» እያለች ስትመርቀው ዋለች። እኔም ሂሳቡን ስከፍል አብሬ መረቅሁት፤ የእርስዎ ተማሪዎች ነንና ቆጣሪ መኖሩን አስቀድመን አረጋግጠን ነበር።

ሁለተኛ፤ ስለ ወርቃማው ሕግ። ጣትዎን ወደ ጣሪያው አንሥተው፣ ድምፅዎን እንደ ሰባኪ አንቀጥቅጠው፣ ደግመው ደጋግመው የነገሩን ቃል ይህ ነበር፦ «በዚህ ከተማ ማንንም አትመኑ፤ በስማችሁ የሚጠራችሁን ብቻ እመኑ፤ ስማችሁን የሚያውቅ የማኅበሩ ሰው ብቻ ነውና።» አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ይህን ቃል የተናገረው አፍና ስማችንን በየግንባራችን ያስጻፈው እጅ በአንድ ገላ ላይ እንደሚገኙ ከዚያ ሁሉ አጨብጫቢ አንዱም ልብ አላለም፤ የገላው ባለቤትም ቢሆን።

እዚህ ላይ የእኅቴን የዋህነት መናገር አለብኝ። ጸሐፊዎ ለኮፍያው የሚሆን ስም በጠየቃት ጊዜ፣ እሷ የሰጠችው የፓስፖርቷን ስም አልነበረም። ያ ስም በየቢሮው ሲጠራ እንኳ ዘወር ብላ ሌላ ሰው የምትፈልግለት ባዕድ ስም ነው። የሰጠችው አባታችን ያወጣላትን፣ ከቤታችን ጓዳ ወጥቶ የማያውቀውን የቁልምጫ ስም ነበር፤ «እቴ ብርቄ» በሉኝ አለች፤ ጸሐፊዎም ሳያቅማማ እንዳለ አሰፈረው።

ሆስፒታል ልትገባ በነበረበት ቀን፣ በባቡር ጣቢያው እኔ ቲኬት ልቆርጥ መስኮቱ ዘንድ ስሰለፍ፣ እሷ ከአግዳሚው ወንበር ላይ ኮፍያዋን እንደደፋች፣ ቦርሳዋን በትምህርትዎ መሠረት ከደረቷ ጋር አጥብቃ አስራ ተቀምጣ ነበር። ጥቁር ካፖርት የለበሰ፣ ጫማው የተወለወለ፣ ቋንቋችንን እንደ ወተት የሚያፈስ አንድ የአገራችን ሰው ከፊቷ እጅ ነሥቶ ቆመ፤ «እቴ ብርቄ! ውይ በሞትኩት፣ ምነው በዚህ ብርድ ብቻዎን?» አላት። እኅቴ በኋላ እንደነገረችኝ፣ አባታችን ካለፈ ወዲህ ከእኔ በቀር በዚያ ስም የጠራት ሰው አልነበረም፤ «ቀድሞ የሄደው ልቤ ነው፤ ቦርሳው የተከተለው ኋላ ነው» ትላለች። ያም ሆኖ ትምህርትዎን አልረሳችምና «ስሜን ማን ነገረህ፣ የኔ ልጅ?» ብላ መርምራዋለች። እርሱም «እናቴ፣ የእርስዎን ስም የማያውቅ የማኅበሩ ሰው አለ እንዴ? ሊቀመንበሩ እኮ ናቸው የላኩኝ» አለ። ወዴት እንደምትሄድ ጠየቃት፤ ነገረችው። ወረቀቶቿን ቀድሞ አስመዝግቦ ያለ ሰልፍ ቀጥ ብላ እንድትገባ እንደሚያደርግ ነገራት፤ መረቀችው። የቦርሳውን ማንጠልጠያም ራሱ በትሕትና ፈታላት፤ «እንዲህ አድርጎ ያጠበቀብዎ ማን ጨካኝ ነው?» ብሎ እስኪቆጣላት ድረስ። ቲኬቱን ይዤ ስመለስ ፊቷ በርቶ «ተገላገልን፤ ሰውዬአችን መጥቶ ወሰደልን» አለችኝ።

በዚያ ቦርሳ ውስጥ ፓስፖርቷ፣ የሐኪሞቹ ወረቀትና የዓይኗ ምርመራ ውጤት ነበሩ።

ሦስተኛ፤ ስለ ግድግዳዎ። በሆስፒታሉ መዝገብ ቤት የተቀመጠችው ሴት፣ ፊቷ እንደ ተቆለፈ በር ቢሆንም፣ ከእርስዎ ይልቅ ቸር ነበረች። ምርመራውን ሐኪሙ እንደገና ሊያደርገው እንደሚችል፣ አልጋውም እስከ ማግስቱ ቀትር እንደሚቆይላት፣ የጎደለው ይህች ሴት ያቺው ሴት መሆኗን የሚመሰክር ማኅተም ያለበት አንድ መስመር ብቻ እንደሆነ፣ እርሱንም ከማኅበራችን ብናመጣ እንደሚበቃ ነገረችን። ቆንስላችን በሌላ ከተማ ስለሆነ በዚያ ጊዜ የሚደረስበት አልነበረም። እንግዲህ የእኅቴ ዓይን በእርስዎ እስክሪብቶ ጫፍ ላይ ተንጠለጠለች፤ ለዓይን እንዴት ያለ ቀጭን መሰቀያ!

በቢሮዎ ተቀብለው ስላዘኑልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ሐዘንዎ ግን ፊቱን ያዞረው ወደ እኅቴ ሳይሆን በስተጀርባዎ ወዳለው ግድግዳ፣ «በኮፍያችን ሥር የተዘረፈ እንግዳ የለም» ተብሎ በትልልቅ ፊደል ወደተጻፈበት ነበር። ምስክርነቱን ቢጽፉ ዘረፋውን ማመን ሊሆንብዎ ነው፤ ዘረፋውን ቢያምኑ ግድግዳው ሊዋሽ ነው፤ ግድግዳ ከሚዋሽ ደግሞ አሮጊት ብትታወር ይቀላል። ስለዚህ በታላቅ ብልሃት መካከለኛ መንገድ አገኙ፦ እኅቴ በተዘረፈችበት ሰዓት ኮፍያውን አውልቃ እንደነበር ብትፈርም ይጽፉላታል። እኔ ደሜ ፈላ፤ እሷ ግን ክንዴን ይዛ «ተው አንተ፤ ለዓይኔ ስል እንኳን ኮፍያ ጭንቅላትም አልነበረኝም እላለሁ፤ የት ጋ ነው የሚፈረመው?» አለች። ጣቷን መርተው አስፈረሟት። በሕይወቷ የፈረመችው የመጀመሪያ ውሸት ነበር፤ ቢያንስ ፈጥነው ቢከፍሏት ምን ነበረበት?

አልከፈሏትም። እንዲህ ያለ ጉዳይ የሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴውን ይሁንታ ይሻል ተባለ። ኮሚቴው ተሰበሰበ፤ እኛም ከኮሪደሩ ላይ ተቀምጠን በተገረበበው በር በኩል የጥበባችሁን ፍርፋሪ ለቀምን። ገንዘብ ያዥዎ «ሴትዮዋ ኮፍያውን ያወለቀችው በሙቀት ነው ወይስ በንቀት?» ብሎ ጠየቀ፤ ያላወለቀችው ኮፍያ መሆኑን እያወቀ። ቀኑ ብርድ ስለነበር ሙቀት ወድቆ ንቀት በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። ከዚያም ማኅበሩን የናቀ ሰው ከማኅበሩ አገልግሎት ከማግኘቱ በፊት ተግሣጽ ሊሰጠው ይገባል የሚል አንድ ምሁር ተነሣ፤ ተግሣጹ ተረቀቀ፤ ረቂቁ ተነበበ፤ «በጥብቅ» የሚለው ይጨመር ተባለ፤ ተጨመረ። ሁሉ ካለቀ በኋላ የማኅተሙ መሳቢያ ቁልፍ ከቁልፉ ያዥ ጋር ወደ ቤቱ መሄዱ ታወቀና «ነገ ከምሳ በኋላ ብቅ በሉ» ተባልን። በማግስቱ ከምሳ በፊት ያንን ደጃፍ ስንት ጊዜ እንዳንኳኳሁት በሩ ይንገርዎ፤ ምሳዎ መቼም ተስማምቶዎታል ብዬ አምናለሁ።

አራተኛ። ቀትር አለፈ። አልጋው ለሌላ በሽተኛ ተሰጠ፤ ሐኪሙ ወደ ሌላ ከተማ ሄደ፤ መጋረጃውም የአገራችን ሐኪሞች እንዳሉት ወረደ። ታላቅ እኅቴ አሁን አታይም። ለዚህ ነጥብ የሚስማማ ያማረ ዐረፍተ ነገር ፈልጌ ስላጣሁ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

ክቡር ሆይ፣ ፍርድ እንዳላጓድል፣ የሌላውን ሰው ነገር ደግሞ መናገር ይገባኛል። አልጋው በተወሰደ በማግስቱ የሆስፒታሉ ዘበኛ ከበሩ ሥር የእኅቴን ቦርሳ አገኘ። የስንቅ ገንዘባችን አልነበረም፤ ፓስፖርቱ፣ ወረቀቶቹና ምርመራው ግን አንዱም ሳይጎድል፣ እንዳይረጥቡም በፌስታል ተጠቅልለው ነበሩ። ያ ሰው ወረቀቶቹን ገልጦ አይቶ መሆን አለበት፤ አንብቦም ደንግጦ መሆን አለበት፤ ቢያዝ የሚጠብቀውን እያወቀ ስሟን ጠርቶ የዘረፋትን ሴት ፍለጋ ከዘበኛ ደጃፍ ድረስ መጥቶ መሆን አለበት። ዘገየ እንጂ መጣ። የእርስዎ ደብዳቤ፣ ከነማኅተሙና ከነጥብቅ ተግሣጹ፣ ከእሱም ኋላ ደረሰኝ። እንግዲህ ለእኅቴ ዓይን ከተሯሯጡት ሁለት የአገሬ ልጆች መካከል ሌባው ቀድሞዎታል፤ እሱ ደግሞ ቢሮም፣ ኮሚቴም፣ ጸሐፊም አልነበረውም። በሚቀጥለው ምርጫችሁ ከአባልነት ውጭ ያለ ሰው መጠቆም የሚፈቀድ ከሆነ የምጠቁመው ሰው አለኝ፤ አድራሻውን ባላውቅም እርስዎ እንግዶች በሚሰበሰቡበት ሁሉ እንደማይታጣ እርግጠኛ ነኝ።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ ያወጣሁት ለበቀል ብቻ ነው ብለው እንዳይጠረጥሩ፤ ለበቀል መሆኑንስ አልክድም። ነገር ግን ሰሞኑን እንደሰማሁት ለመጪዎቹ እንግዶች ያዘዙት አዲስ ኮፍያ፣ «የጠፋ እንግዳ በቀላሉ ወደ ማረፊያው እንዲመለስ» በሚል ርኅራኄ፣ ከስማቸው ሥር ያረፉበትን ቤትና የክፍላቸውን ቁጥር ጭምር ይይዛል አሉ። ቁልፉንም ከጎኑ ቢሰፉበት ነገሩ በተሟላ ነበር። ስለዚህ ከእግርዎ ሥር ወድቄ የምለምነው አንድ ነገር ነው፦ ኮፍያውን ከማደልዎ በፊት፣ እናትዎ በሕፃንነትዎ ይጠሩበት የነበረውን የቁልምጫ ስም በግንባሩ ላይ አስጽፈው፣ ራስዎ ደፍተው፣ የሚወዱትን ነገር ሁሉ በአንዲት ቦርሳ ከደረትዎ ላይ አስረው፣ በዚያ ባቡር ጣቢያ አግዳሚ ላይ አንድ ከሰዓት በኋላ ይቀመጡ። ማንም ሳይጠራዎት ተነሥተው ከሄዱ እኔ ውሸታም ነኝ። በዚያ ስም ተጠርተው ልብዎ ካልራደ ደግሞ እናት አልነበረዎትም ማለት ነው፤ ይህም ብዙ ነገር ያብራራልናል።

ወደ ባዕድ ከተማ የምትነሡ አንባቢዎች ሆይ፣ ከሊቀመንበሩ ትምህርት ዘጠኝ እጁን ያዙ፤ አምባሩም፣ ታክሲውም፣ ቦርሳውም እንዳሉት ነው። ነገር ግን ስማችሁን የጠራ ሁሉ የሚያውቃችሁ አይምሰላችሁ፤ አንብቦት ይሆናል፣ ሰምቶት ይሆናል፣ ገዝቶት ይሆናል። የመጣ ሰው «ቶሎ በሉ» ካላችሁ ጓደኛችሁ እስኪመለስ ያቆዩት፤ ቀና ሰው ጥቂት ቢቆም እግሩ አይሰበርም። ፓስፖርታችሁን ከወረቀቶቻችሁ ለይታችሁ ከገላችሁ ጋር ያዙ። ማንም ለእናንተ ጥቅም ብሎ ምልክት ሊያደርግባችሁ ቢመጣ ደግሞ ምልክቱን ለማን እንዳዘጋጀው አስቀድማችሁ ጠይቁት።

ክቡር ሊቀመንበር ሆይ፣ ደብዳቤዬ መርዘሙ ጊዜዎን ይሻማብዎታል ብዬ አልሠጋም፤ የእርስዎ ጊዜ ሰፊ መሆኑን በዓይናችን፣ በቀረችውም ዓይን ጭምር፣ አይተናልና። ግድግዳዎ ሳይነቃነቅ ይኑርልዎ፤ ኮሚቴዎ በሙሉ ድምፅ ይባረክ፤ የማኅተሙ ቁልፍ ከያዡ ኪስ አይጥፋ። ሲያረጁም፣ ማርጀትዎ አይቀርምና፣ እንደ እርስዎ ያለ ጠባቂ ከፊትዎ ቀድሞ ይቁምልዎ።

ለከፍተኛ ጥበቃዎ ለዘላለም ባለዕዳ ሆኜ፣ በትሕትና ዝቅ ብዬ፣ ነገር ግን ቦርሳዬን በሁለት እጄ ይዤ የምሰናበትዎ፣
በጥብቅ የተገሠጸችው እንግዳ ወንድም።

ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን ለእኅቴ አንብቤላት ሳበቃ አንድ ነገር እንድጨምር አዘዘችኝ። በቢሮዎ ልትለምንዎ በመጣች ጊዜ፣ የሰው ፊት ከስንዝር ካለፈ ስለማይለይላት፣ ጠረጴዛዎን በእጇ ተደግፋ ፊቷን ከፊትዎ አስጠግታ ለረጅም ጊዜ አተኩራ ተመልክታዎት ነበር፤ እርስዎም ትንፋሿን ሸሽተው ወደ ኋላ እንዳሉ ታስታውሳለች። ከዚያ ወዲያ በዚያች ዓይን ለይታ ያየችው ነገር የለም። «የመጨረሻ እይታዬ መሆኑን ባውቅ ኖሮ፣ ወደ መስኮቱ ዞሬ ለብርሃኑ አቆየው ነበር በልልኝ» ብላለች።